ማታ ማታ የሚሳበው ቾክ

ዘርፉን ያወቅኋት በካንዴላ፣ ሞተር ውስጥ እሳት በምትጭረው ትንሽ ዕቃ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከአባቴ የወረስኩትን የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ይዤ የምኖር ሴት ነኝ። ስሜ ሱሃይላ ይባላል። ቶሎ የምግል ሰው ነኝ፤ ደንበኞቼም ይህን አውቀው ነው የሚገቡት። የባጃጅ፣ የሞተር ሳይክልና የሽንኩርት ገበሬ የውሃ ፓምፕ ዕቃ እሸጣለሁ። የጀልባ ሞተር ዕቃ አልሸጥም። አዳማ ነፋስና አቧራ እንጂ ጀልባ የት አላት? ስለዚህ አንዲት ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት ከባቱ ድረስ መጥታ «ለጀልባ ሞተር የሚሆን ካንዴላ አለሽ?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

እሷ አልሳቀችም። «የፓምፕ ካንዴላ ይሆናል፤ ሞክሬዋለሁ» አለችና ገዝታ ሄደች።

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። ከዚያም እንደገና መጣች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዕቃ ሲገዛኝ አላዝንም፤ ግን ካንዴላ እንደ ስኳር በየጊዜው የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሌላ ሻጭ ቢሆን ዝም ብሎ ይሸጥላት ነበር። እኔ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። በሚቀጥለው ስትመጪ የተበላሹትን ይዘሽልኝ ነይ አልኳት። ይዛ መጣችና ከፌስታል ውስጥ ባንኮኒዬ ላይ ዘረገፈቻቸው።

አንድ በአንድ እያነሳሁ አየሁ። ካንዴላ አይዋሽም። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ታፍኗል ማለት ነው። ጥላሸት ከጠጣ ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይት በዝቷል። እነዚህ ግን ደረቅ ናቸው፤ ንጹህ ናቸው። ከሱቄ ሲወጡ እንደነበሩት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

«እነዚህ ምን ሆኑ ብለሽ ነው የጣልሻቸው?» አልኳት።

«ጠዋት ጠዋት አይነሳም። ገመዱን እስኪደክመን እንስበዋለን። ከረፈደ፣ ፀሐይ ካገኘው፣ ያኔ ይነሳል።»

«ቾክ ትስቢያለሽ?»

ዓይኗን ወደ ካንዴላዎቹ መለሰች። ለማያውቅ ሰው ቾክ ማለት ሞተሩ ላይ ያለች ትንሽ መጎተቻ ናት። ስትሳብ የአየሩን መግቢያ ትዘጋለች፣ ሞተሩም አየር ሲያንሰው ቤንዚን በብዛት ይምጋል። ሞተር ቀዝቅዞ ሲያድር ጠዋት ያለ እሷ አይነሳም፤ ያረጀ ሞተርማ ጭራሽ። አንዴ ከተነሳ በኋላ መልሶ መግፋት ነው። ይህን የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

«ቾኩ ተሰብሯል እንዴ?» አልኳት እንደገና።

«አልተሰበረም። እኔ ነኝ የማላስነካው።»

«እና ሞተርሽ በጸሎት እንዲነሳ ነው የምትፈልጊው?» አልኩ። አነጋገሬ ጥሩ አልነበረም። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ በር ላይ የነበረውን ባዶ ጀሪካን ደፍታ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ የገባ ደንበኛ ካለ አላስታውስም።

ዘርፉ የመቂ ልጅ ናት። ልጅነቷ ሳያልቅ ባቱ መጥታ፣ ያኔ ሁላችንም ዝዋይ በምንላት ጊዜ፣ አበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ስትቆርጥ ኖረች፤ ጣቶቿ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የእሾህ ነው። ባሏን ኢተፋን ያገኘችው ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ልትገዛ ሄዳ ነው። የአርሲ ነገሌ ሰው ነው፤ እናቱ እህል እየነገዱ ለብቻቸው ያሳደጉት፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ላንጋኖ ዳር ካለ አንድ መዝናኛ፣ ስሙ እንኳ ከሽፋኑ ላይ የተፋቀ አሮጌ ሞተር ገዝቶ ከእንጨት ጀልባ ጋር አገናኘውና ከባቱ ወደ ደሴቶቹ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ሲጋቡ እናቱን እማማ ጉዲቱን ከነገሌ አመጣቸው። ሦስቱ ባንድ ግቢ ኖሩ። ትዳራችሁ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቃት «ደህና ነበርን» አለችኝ። 

አንድ ጠዋት ኢተፋ ተሳፋሪ ሳይጭን ለብቻው ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ጀልባውን መረብ የሚጥሉ ሰዎች ከሐይቁ ማዶ፣ በአርሲ በኩል ባለው ደንገል ውስጥ ተሰክቶ አገኙት። ሰው የለበትም። ቤንዚኑ አላለቀም። የሞተሩ ቾክ ግን እስከ መጨረሻው ወጥቶ ነበር።

ሬሳ አልተገኘም። ሬሳ በሌለበት ደግሞ አፍ ብዙ ነው። ገና ጀልባው ተጎትቶ ባቱ ሳይደርስ ኮብልሏል፣ ጥሏት ጠፍቷል፣ ሞያሌ ታይቷል የሚለው ወሬ ባቱን ዞሯት ነበር። ወሬውን ዝም ያሰኘው ቾኩ ነው። ሞተር አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይቶት «ቾክ የሚሳበው ለማስነሳት ነው» አለ። «መሃል ሐይቅ ላይ ጠፍቶበታል። ቾኩን ስቦ፣ ቆሞ ገመዱን ሲጎትት ሚዛኑን ስቶ ወደቀ።» ሁሉም ተቀበለው። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ዘርፉ ጥቁር ለበሰች፣ እንደ ወጉ ለቅሶ ተቀመጠች።

«ያቺ ቾክ ባትወጣ ኖሮ ጥሎኝ ሄደ ነበር የሚባለው» አለችኝ። «ሰው ባሏ የሞተባትን ያጽናናታል። ባሏ የጣላትን ምን ይላታል? እኔ የተጣልኩ ሴት አይደለሁም። ባሌ የሞተብኝ ነኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያልገቡት እማማ ጉዲቱ ብቻ ነበሩ። ለሕያው ሰው አላለቅስም ብለው ውጭ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ያኔም ሞራ ሸፍኖት ነበር፤ ሰዉም ሐዘን አእምሯቸውን ነካው ብሎ ተዋቸው። ዘርፉ ከቤቷ አላወጣቻቸውም። የወለደችኝ ብትሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር ብላ አብራቸው ኖረች።

ከዚያ አበባ እርሻውን ትታ ጀልባውን ራሷ ያዘች። ሴት ሞተር ይዛ ሐይቅ ላይ ስትወጣ ባቱ ከዚያ በፊት አላየችም፤ መጀመሪያ ሰሞን ወጣቶቹ «ካፒቴን» እያሉ ሲያሾፉባት ነበር፤ ኋላ ራሳቸው ተሳፋሪዎቿ ሆኑ። ከመጀመሯ በፊት አንድ መካኒክ ሞተሩን አጽድቶ፣ ቀዩን የሞተር ማጥፊያ ቁልፍ በአዲስ ቀይሮ ሰጣት። ቾኩን ግን አንዴ ገፍታ ካስገባችው ወዲህ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ባሏ በመጨረሻዋ ደቂቃ የያዘው ነገር ነው። እሱን ስቦ ነው የሞተው።

እኔም ልቤ ተነካ፤ ግን መካኒክነቴ አሸነፈኝ። «ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ሞተሩ ግን አይገባውም። በብርድ ቾክ ሳይሳብ አይነሳም፣ በቃ። ሱቄ ያለውን ካንዴላ ሁሉ ብትቀያይሪ አይነሳም» አልኳት።

«እሱማ ነገሩ ሌላ ነው» አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሱቁ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። «ማታ ሞተሩን ከጀልባው ፈትተን ቤት እናሳድረዋለን፣ እንዳይሰረቅ። ሁልጊዜ ቾኩ መገፋቱን በእጄ አረጋግጣለሁ። በሩን እቆልፋለሁ። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው። ጠዋት ስከፍት ቾኩ ተስቦ አገኘዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንድ ቀን በክር አስሬው አደርኩ። ጠዋት ክሩ ሳይበጠስ ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሽፋኑ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጋዲሳ ያን ጠዋት አይቶ ሁለተኛ አልመጣም።» ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሊያስነሳው እየሞከረ ነው፣ ሱሃይላ» አለች። «ኢተፋ። አሁንም እዚያው መሃል ሐይቅ ላይ ቆሞ ሊያስነሳው እየሞከረ ነው።»

እኔ ጂን አለ ብዬ አምናለሁ፣ ሃይማኖቴም ነው። ክር ፈትቶ የሚጠቀልል፣ ቾክ የሚስብ ጂን ግን ሰምቼ አላውቅም። ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ይቺ ሴት በየጠዋቱ የባሏን ሙት መንፈስ እየፈራች ቾኩን ትገፋለች፣ ከዚያ ሞተሩ አይነሳላትም፣ ተሳፋሪዎቿ ይበተናሉ። እንዲህ ተሁኖ አይኖርም። በማግስቱ ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ካቻቢቴና ፒንሳዬን በቦርሳ ይዤ በሞጆ፣ በመቂ አድርጌ ባቱ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ቤታቸው ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤት አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ሞተሩ የሚያድርባት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል። እማማ ጉዲቱ በረንዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተቀምጠዋል። ነጭ ነው የለበሱት። ከአጥሩ ውጪ አባ ኮዳዎች የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ፤ እነዚያ አሞሮች ሰው ሲያዩ እንደ ፖሊስ ነው የሚያዩት።

«አካም ጅርቱ እማማ» አልኳቸው።

«ፈያ። ማነሽ አንቺ?»

«ሞተሩን ለማየት የመጣሁ ነኝ፣ ከአዳማ።»

«ምን ሆነ? ደህና ነው እኮ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

ሞተሩ ከወፍራም ሳንቃ በተሠራ ማቆሚያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ውሃ የሞላ በርሜል አለ፣ እያወረዱ የሚሞክሩበት። ሽፋኑን አነሳሁት። ካንዴላውን ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ገመዱን ሳብኩ፤ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ምንም የማይወጣለት። የቤንዚኑ ቱቦ አልተደፈነም። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር የታች ሳህኑን ፈታሁት፤ ትንሽ ዝቃጭ አለው እንጂ ደህና ነው። የቾኩ ክዳን ስገፋው ይከፈታል፣ ስስበው ይዘጋል። ምናልባት መንቀጥቀጥ ያወጣው እንደሁ ብዬ ሽፋኑን መልሼ ደፍቼ በጡጫ ደበደብኩት፣ ማቆሚያውን ነቀነቅኩት። መጎተቻው ንቅንቅ አላለም። ጠንካራ ነው፤ ሰው ካልሳበው አይወጣም።

«አሁን ቾኩን ስቤ ላስነሳልሽ» አልኳት።

«እኔ እዚህ እያለሁ አይሆንም» አለች። ቾኩ መገፋቱን በጣቷ ነክታ አረጋገጠችና ዳቦ ልገዛ ብላ ወጣች።

«በሩን የምትቆልፊው መቼ ነው?» ብዬ ከኋላዋ ጠራኋት።

«ከራት በኋላ። ከመሸ ወደዚያ አላይም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቆልፈው።»

ፀሐይዋ ገብታለች። መብራት የለም። ከሞተሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፌ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የካርቡሬተሩን ዝቃጭ በጨርቅ እጠርጋለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ግራጫ ሆኗል። የእንቁራሪቶቹ ድምፅ ከሐይቁ መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ያኔ ነው በሩ ላይ አንድ እጅ ያየሁት።

እጅ ብቻ። ረጅም፣ ቀጭን እጅ በበሩ ጠርዝ ገባ፣ የሞተሩን ማቆሚያ ነካ፣ ሳንቃውን ተከትሎ ወጣ፣ ሽፋኑ ላይ ደረሰ። አልተቻኮለም። አልተደናበረም። መንገዱን ያውቀዋል። ቢስሚላህ አልኩ በልቤ። እጁ ሽፋኑን ዳበሰ፣ በግንባሩ በኩል ወረደ፣ ቾኩን በሁለት ጣት ያዘው፣ ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሳበው። ቀጭ አለ። ከዚያ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሽፋኑን መታ መታ አደረገና አንድ ድምፅ «ረፊ» አለው። ተኛ ማለት ነው፣ በኦሮምኛ።

የሰው ድምፅ ስሰማ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ነጭ ቀሚሱን አየሁ፣ ምርኩዙን አየሁ።

«እማማ ጉዲቱ» አልኩ። «ምን እያደረጉ ነው?»

እሳቸው አልደነገጡም። ዓይናቸው የማያይ ሰዎች ሌላው ሰው የት እንዳለ ቀድመው ያውቃሉ መሰለኝ። «ሞተሩን አስተኛዋለሁ። ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ሳታስተኛው ትተወዋለች» አሉኝ።

ፍርሃቴ ለቆኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እና ይሄ ነው? ዘርፉን ያስፈራ፣ ጋዲሳን ከሥራው ያባረረ መንፈስ እኚህ ናቸው? ዘርፉ ስትመጣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«እና እንዲህ ነው የሚተኛው?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ኢተፋ ነዋ ያሳየኝ። ያኔ ያቺ የምትጫኚያት ማጥፊያ አትሠራም ነበር፣ ከገዛው ጀምሮ። 'አዮ፣ ሞተሩን የማስተኛው ይቺን ስቤ ነው' ይለኝ ነበር። እጄን ይዞ አሳይቶኛል። ይስባታል፣ ሞተሩ ዝም ይላል።»

ሳቄ ቆመ። የመቂ ሽንኩርት ገበሬዎች ማጥፊያው ሲበላሽባቸው ፓምፓቸውን እንደዚሁ ነው የሚያጠፉት። እየሠራ ያለ ሞተር ድንገት አየር ሲዘጋበት ታፍኖ ይቆማል። ስንቴ ነገሩኝ፣ ስንቴ ተቆጣኋቸው። ኢተፋ ቾኩን የሚስበው ለማስነሳት ብቻ አልነበረም። ለማጥፋትም ነበር። ያን ጠዋትም ቾኩ ወጥቶ የተገኘው ሞተሩ ስለጠፋበት ላይሆን ይችላል። ራሱ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ዝም ይበሉ ልላቸው ፈለግኩ። ቀና ስል ዘርፉ ዳቦዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ፊቷ አይታይም።

«የሚስባት የት ሲደርስ ነው?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

«መሬት ሲደርስ ነዋ» አሉ እማማ ጉዲቱ።

«መሃል ሐይቅ ላይስ?»

«መሃል ሐይቅ ላይ ምን ሊያደርግ ያስተኛዋል፣ ልጄ?»

ዘርፉ ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ካርቡሬተሩን ግጠሚው አለችኝ። ገጠምኩት። ሞተሩን ተጋግዘን በርሜሉ ውስጥ አወረድነው። ቾኩ በእማማ ጉዲቱ እጅ እንደተሳበ ነው። ገመዱን ራሷ ያዘች፤ አንዴ ሳበችው፣ አጓራ፤ ደገመችው፣ ተነሳ። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ቾኩን ገፋችው፣ ሞተሩ ድምፁን አስተካክሎ መሥራት ቀጠለ፣ በርሜሉ ውስጥ ውሃው ፈላ። ትንሽ አዳመጠችው። ከዚያ አዲሱን ቀይ ማጥፊያ አልነካችም። እጇን ዘርግታ ቾኩን እስከ መጨረሻው ሳበችው።

ሞተሩ አጓራ፣ አቃሰተ፣ አንድ ሁለቴ ዘለለና ዝም አለ። ቾኩ ወጥቶ ቀረ።

«እንዲህ ነበር» አለች ዘርፉ። «ያን ቀን ሲያመጡት ልክ እንዲህ ነበር።»

ማዶ ደርሶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ጀልባውን በእግሩ ገፍቶ ወደ አርሲ መንገድ የሚወጣ አንድ ረጅም ሰው ታየኝ። እሷም የታያት እሱ ነው። መናገር አላስፈለገንም።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለች ዘርፉ።

«አልሞተም ብያችሁ ነበር። አበደች አላችሁኝ።»

«እንዴት አወቁ?»

አሮጊቷ ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። «ሲወጣ ጉልበቴን ስሞ ነው የወጣው። ሥራ የሚሄድ ሰው የእናቱን ጉልበት አይስምም። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ምን እንዳሳደደው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እኔንስ? ስለ እኔ ምን አለ?»

እማማ ጉዲቱ ለመውጣት ምርኩዛቸውን አነሱ። ዘርፉ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች፤ ስትጨብጣቸው አየሁ። «ስለ እኔ ምን አለ?»

«አትቀስቅሻት አለኝ» አሉ እማማ ጉዲቱ።

ዘርፉ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ማልቀስ የነበረባትን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ጨርሳው ነበር። «ሞቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች፤ እኔም በልቤ እውነቷን ነው አልኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ተነሳችና ዳቦውን አንስታ አራገፈችው። ለእማማ ጉዲቱ ቆርሳ፣ ሻይ ቀድታ፣ ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። ከዚያ በኋላ ያን ምሽት አንድም ቃል አላነጋገረቻቸውም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ሻዩን አላቀርብም ነበር።

ጠዋት ሞተሩን ጋሪ ላይ ጭነን ሐይቁ ዳር ወረድን። ውሃው ላይ ጉም ነበር፣ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ዘርፉ ቾኩን ሳበች፤ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡላት። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ ግን ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም፣ ተሳፈርኩ። ቱሉ ጉዶ ደሴት የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ኢተፋ ነፍሱን ይማረው፣ እሱ በነበረ ጊዜ ነው እንዲህ የሚነሳው» አሏት። «አሜን» አለች ዘርፉ። ጥቁሯን እንደለበሰች ናት።

ደሴቱ ጋ ሰው አራግፈን ሌላ ጭነን ስንመለስ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ይሄን ጥቁር አውልቂው» አልኳት።

«ለሰዉ ምን ልበል? ባሌ ከሞት ተነስቶ ጥሎኝ ሄደ ልበል?»

ወደ ውሃው ዞርኩ።

የባቱ ዳርቻ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሰዎች ተኮልኩለዋል፤ የሽንኩርት ጆንያ፣ ዶሮ፣ ጀሪካን ይዘዋል። ዘርፉ የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰችው። ከዚያ ወደ መሬት በመጠጋት ፈንታ ጀልባውን በጎን አዞረችው፣ ከዳርቻው ትይዩ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ምን ሆነች ብዬ ሳያት ዓይኗ ሰዎቹ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን እያየች ታልፋለች። ተሳፋሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ አትሰማም። መጨረሻ ላይ፣ ከሰዉ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመ አንድ ረጅም ሰው ነበር።

«ሱሃይላ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል» አለች። «ማነው እሱ?»

አልዞረም። አንድ የጠዋት ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን ዓይኔን ከጀርባው አላነሳሁም። ሞተሩ ባዶውን ያንኳኳል፣ እኛም ጉሙ ውስጥ ቆመን ሰውየውን እንጠብቃለን። በመጨረሻ ዞረ። ወጣት የዓሣ ነጋዴ ነው፣ አፉን በጋቢ ሸፍኖ።

«ኢተፋ አይደለም» አልኳት።

«ነገስ እሱ ቢሆን?» አለችኝ።

ጀልባዋን መሬት ላይ አስጠጋቻት። ተሳፋሪዎቹ ዕቃቸውን አንስተው መውረድ ጀመሩ።